የጥሩነሽን የነፍስ አባት ፍለጋ

ረቡዕ

ለአገር ምድሩ ሁሉ ይታወቅ፦ ቀዩ አውራ ዶሯችን ከዛሬ ጀምሮ ከሥልጣኑ ተሽሮ ወደ ጎረቤት ተግዟል። ጥፋቱ በሽተኛ መቀስቀስ ነው። ይግባኝ የለውም።

በሽተኛዋ ጥሩነሽ ናት፤ ሚስቴ። ሐኪሙ "ቤቷ ትረፍ" ካለ ሰነበተ። ዛሬ እህል በአፏ አልዞረም። እግሯ አብጧል። የልጅ ልጃችን ሰናይት ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ታርስላታለች።

ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ።

"መቁረብ እፈልጋለሁ። ከአንቱ ጋር።"

እኛ የተጋባነው በሰማንያ ነው፣ በሽማግሌ ፊት። እኩዮቻችን ሲያረጁ አብረው ቆርበው ትዳራቸውን አጸኑ። እኔ ግን "ቆይ እንጂ፣ ከኔ ወዲያ ሌላ ቢያምርሽስ?" እያልኩ ስንት ዓመት አሳቅኳት። ዛሬም አመሌ አልለቀቀኝም፦ "በሰማይም ልትጨቀጭቂኝ ነው?" አልኳት። አልሳቀችም።

ለመቁረብ መናዘዝ አለ፤ ለመናዘዝ የነፍስ አባት። የሷ አባ ጥላዬ ናቸው። ቄስ ምናለ እዚሁ ደጃችን፣ ገብርኤል አለ፤ እሱን እንጥራ ብላት ተቆጣች። "አፍንጫውን የጠረግኩለት ልጅ ነው! ኃጢአቴን ለሱ? አባ ራሳቸው ካልለቀቁኝ ወደ ማንም አልሄድም።"

አባ ደግሞ በክረምቱ ወደ ላይኞቹ ደብሮች እንደወጡ ቀሩ። ስልክ አይሠራም። መኪና ቆሟል። የቀረው እግር ነው።

ሐሙስ

ሳይረፍድ ወጣን። "ወጣን" ያልኩት የማንኩሳው ሁሴን በቅሎውን ይዞ ስለመጣ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አብረን ነው ያረጀነው። "ብቻህን ገደል ብትገባ ጥሩነሽ እኔን ነው የምትወቅሰው" አለኝ።

የተራራውን ወገብ ይዞ የሚሄደው የተሳላሚ መንገድ ነው። ዱሮ በንግሥ ቀን ከሚካኤል ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ ከዚያ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰው እየዘመረ ይጎርፍበት ነበር። ወንዙ ከታች ያው ነው። ሰዉ ግን ወባው ከገባ ወዲህ የለም። ጤፉ ደርሶ፣ አጫጅ አጥቶ ይረግፋል። አንድ ቤት በሩ ተከፍቶ አየን። ብንጣራ መልስ የለም። ሁሴን በሩን ዘጋላቸው።

ሚካኤል፦ ዘበኛው ብቻ። አባ ወደ ኪዳነ ምሕረት ሄደዋል፤ እዚያ ቀዳሽ ጠፍቶ ነው።

ኪዳነ ምሕረት፦ አጥር ግቢው አፈሩ ያልደረቀ መቃብር በመቃብር ሆኗል። አልቆጠርኩትም። አንዲት መነኩሲት ወጥተው "ወደ ተክልዬ ወጡ፣ ልጄ" አሉኝ። ልጄ! ዕድሜያችን እኩል ሳይሆን አይቀርም።

ሁሴን እዚህም እንደ ሚካኤሉ ሁሉ ደጅ ላይ ከበቅሎው ጋር ተቀምጦ ጠበቀኝ።

"ይኸው ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስተኛው ላይ ክርስትና ልታነሳኝ ነው መሰል።"

"በዚህ ዕድሜህ ማን ታቅፎህ ይቆማል? ተነሥ!"

ሳቅን። መነኩሲቷ ዞር ብለው አዩን። በዚያ ግቢ ሳቅ ከተሰማ የቆየ ይመስለኛል። አፈርኩ። እሳቸው ግን ቆሎ ሰጡን፤ ማደሪያም።

ዓርብ

ተክልዬ ደረስን። ዳገቱ ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ተቆልፏል። አንድ ዲያቆን ከጎጆው ወጣ። "አባ ጥላዬስ?" አልኩት። ወደ ጥዱ ሥር ወሰደኝ። ድንጋይ የተከመረበት መቃብር። ወባ ነው አለ። ቀባሪዎቹ እሱና ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ሁሴን ከደጅ ሆኖ ነገሩ ገባው። እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። አልቀለድኩበትም።

አባ እንዴት እንደሞቱ ዲያቆኑን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ዛሬ ለመጻፍ እጄ እንቢ ብሏል።

እሷን ምን እላታለሁ? ሞቱ ብላት፣ ሳይለቁኝ ሞቱ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አውቃታለሁ።

ቅዳሜ

ስንደርስ በሕይወት አለች። ሰናይት ከደጅ ሮጣ መጥታ "አባባ፣ ሌሊቱን ሙሉ መጡ ወይ እያለች ነበር" አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባ ማረፋቸውን ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

"ስለኔ ምንም አላሉ?"

"ብለዋል እንጂ። ዲያቆኑ ነግሮኛል። ‘ጥሩነሽን ለምናለ ሰጥቻታለሁ፤ ለሱ ትናዘዝ’ ብለዋል።"

ዓይኗን ገለጠች። "እንግዲህ አባ ካሉ" አለች። "አፍንጫውን ግን ጠርጎ ይምጣ።"

ማታ ምናለ መጣ፤ እኛ ወጣን። ምን እንዳለችው እንጃ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነው የወጣ። ቀጥሎ የኔ ተራ ሆነ። የኔ ረዘም አለ።

እሑድ

በቃሬዛ ወሰድናት። ለቁርባን መጾም ግድ ነው፤ እሷ ግን ከረቡዕ ጀምራለች። ተሸካሚ ወንድ ጠፍቶ ሁሴንም እስከ ገብርኤል ደጅ ትከሻውን ሰጠ። "ቀለለችኝ" አለ ቀስ ብሎ። እኔንም ቀለለችኝ። እሱ ነው የከፋኝ።

ቆረብን። ስንመለስ እጄን ያዘች። "አሁን የት ያመልጡኛል?" ብላ ሳቀች። ያቺን ሳቅ ስንት ቀን ናፍቄያት ነበር።

አሁን ተኝታለች። ትንፋሿ ቆም ይልና ይመለሳል። እዚህ ተቀምጬ የሚመለሰውን እጠብቃለሁ።

ከጻፍኩት ሁሉ አንዲቱን ነገር የፈጠርኳት እኔ ነኝ። አባ ጥላዬ ማንንም ለማንም አልሰጡም፤ ስሟንም አልጠሩም። ዲያቆኑ ያለኝ እንዲህ ነው፦ ውሃ አሉ፤ ሰጣቸው፤ አልዋጡትም። ለምናለ ሁሉን ስናዘዝ ይህችን ብቻ አስቀረሁ። ሄደህ ንገራት ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ።