የግራ ዓይኔ መርዶ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ አለበል፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ፤ ተቀምጠህ ከሆነ ግድግዳ ተደገፍ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር ዐውቃለሁ፤ ግን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የሚያረዳህ ሽማግሌ አጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፣ የተወደደችው ግራ ዓይኔ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ነበር። ሬሳዋን በእትዬ የዓለምዘርፍ ሻይ ቤት ሕዝብ ተሰብስቦ አይቶታል። ገዳይዋም ታውቋል። አንተ ነህ።

አትሳቅ! ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ሦስት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍህልኝም። ቅዳሜ ዕለት የአውቶቡሱ ሹፌር "ለምንይችል፣ ከአለበል" ብሎ የተጠቀለለ ወረቀት ለእትዬ የዓለምዘርፍ ሰጣት። እሷን ደግሞ ታውቃታለህ፤ የሰው ወረቀት ሳትከፍት ከዋለች ያማታል። እኔ ከወፍጮ ቤት ዱቄቴን አራግፌ እስክደርስ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሮ ነበር። በእርሳስ የሣልኸው የኔው መልክ ነው። አፍንጫው የኔ። አገጩ የኔ። ከጆሮዬ ሥር ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ፊቴ ግን ወደ ጎን ዞሯል፤ ዓይኔም አንድ! ከሥሩ በእንግሊዝኛ "ፕሮፋይል" ብለህ ጽፈሃል። ሌላ ቃል የለም። "እንዴት ነህ" እንኳ የለም።

"እንዴ፣ ይኸ ምንይችል አይደለም?" አለ ልብስ ሰፊው ክንዴ። "አንዷን ዓይኑን ምን በላት?"

"ይሁዳ ተደርጎ ነዋ!" አለ አጠገቡ ያለው። ዞሮ ሲያየኝማ "ና እስቲ ይሁዳ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትስም መጣህ?" አይለኝም! ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አለበል፣ ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ቢሆን አላወቀም ብዬ በተውሁት። አንተ ግን በሠዓሊው በአለቃ አካለ ወልድ ደጅ ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቀለም እየበጠበጥህ ያደግህ ነህ! ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ከሐዲና ሰይጣን ግን ከጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣል ለእኔ የነገርኸኝ አንተ። ስንሳለም ግድግዳውን ቀና ብለህ እያየህ "ይኸ ገሃነም፣ ይኸም ገሃነም" እያልህ ባለ አንድ ዓይኖቹን የምትለቅም የነበርህ አንተ።

ያቺን ፕሮፋይል የምትል ቃልስ ማን አስተማረህ? እኔ! ፈረንጁ መምህራችን ሃያ አራት የሥዕል ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፈ ዕለት ትዝ ይበልህ። አንተ ወፍ ስትሥል ወፉ ሊበር ይደርሳል፤ የእንግሊዝኛ ቃል ግን ራስህ ውስጥ አያድርም። እኔ ፍየል ብሥል በርጩማ ይመስላል፤ ቃል ግን አንዴ ከገባ አይወጣኝም። ስለዚህ እንደ ዳዊት በዜማ አስያዝሁህ። "ስኬች፣ ንድፍ! ሼዲንግ፣ ጥላ መስጠት! ፐርስፔክቲቭ፣ የሩቁን ማሳነስ!" እኔ እየመራሁ አንተ እየተቀበልህ ወደ ወንዙ ስንወርድ አህያ ነጂዎች ቆመው ያማትቡ ነበር። "ስቲል ላይፍ" ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትጠፋብኛለህ።

"ዝም ያለ ሕይወት... መነኩሴ ነው?"

"አይደለም አንት ደንቆሮ! ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሎሚና ማሰሮ ነው።"

"እሱማ ሕይወት የለውም።"

"የለውም! ፈረንጅ ነው ያለው፣ እኔ ምን ላድርግህ?"

ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ዕለት ሃያ አራቱንም ከነዜማቸው ወረድህላቸው። ሳቁና ተቀበሉህ። አንተ ወደ ሥዕል ትምህርት ቤት፣ እኔ ሰባተኛን ወድቄ ወደ ወፍጮ ቤት። ለዚህ አላኮረፍሁም። ባስተማርሁህ ቃል ይሁዳ ስታደርገኝ ነው የነደድሁት!

እናቴ ወሬውን ገበያ መካከል ሰማች። ልቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

"እማ፣ ይኸ ፕሮፋይል ይባላል። ሰው ከጎን ሲታይ..."

"ከጎን ቢታይስ? ሌላው ዓይንህ አብሮህ የለም?"

ፈረንጁ ራሱ ቢኖር ምን ይመልስላት ነበር? ከዚያ ሥዕሉን ትታ እኔን አየችኝ። "አለበል ክፉ ልጅ አይደለም" አለች። "ምን አድርገኸው ነው?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

የካቻምናውን አለንጋ አልረሳኸውም። ዲሬክተሩ ከነቀንዱ፣ በአንድ ዓይን፣ በጠመኔ ግድግዳ ላይ ተሥሎ የተገኘ ጊዜ። "በዚህ ትምህርት ቤት ከአለበል በቀር ማን መሣል ይችላል?" ተብሎ ዐሥራ ሁለት ሲገርፉህ እኔ ሰልፉ ላይ ነበርሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለህ አየኸኝ። አንተም አልተናገርህ፣ እኔም አልተናገርሁ። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ይኸው ተናገርሁ። እኔ ነኝ። ጆሮው የእንስራ ጆሮ የመሰለውን ያን ሥዕል ያንተ እጅ ነው ማለታቸው እስካሁን ያበግነኛል፤ ስለ አንተ ክብር ማለቴ ነው። ግን ዐውቀህ ከነበር ለምን ያኔውኑ በጥፊ አላጮልኸኝም? ሁለት ዓመት ቂም ቋጥረህ፣ አገር አቋርጠህ፣ እርሳስ ቀርጸህ! ወይስ ምንም አታውቅም? ወይስ እዚያ ሰውን ሁሉ ከጎን ነው የምትሥሉት? እህል ስመዝን የምጠይቀው ይህንን ብቻ ነው። ትናንት የሰው ጤፍ ከሰው ገብስ ጋር ቀላቅዬ ተሰደብሁ።

እናቴ ግን ያንተን መልስ አልጠበቀችም። ሥዕሉን ይዛ አለቃ አካለ ወልድ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ።

"አለቃ፣ ልጄን ያድኑልኝ።"

አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ። "እጁ ጠንክሯል" አሉ። "አፍንጫው እውነት ነው። ነገር ግን አንቺ ሴት፣ ዓይኑን ወዴት ወሰደው?" ብሩሻቸውን ነከር አደረጉና ጉንጬ ላይ ሌላ ዓይን አኖሩልኝ። ትልቅ፣ ክብ፣ የሰማዕት ዓይን! እናቴ ነጠላዋን አቃንታ ለበሰች፤ ሥዕሉንም ከመደቡ በላይ ሰቀለችው። አሁን አንዷ ዓይኔ በሩን ታያለች፤ ሌላዋ ጆሮዬን ትጠብቃለች። የገባ እንግዳ ሁሉ አንድ ጊዜ ሳይስቅ አይወጣም።

እንግዲህ ንዴቴም ቀለሜም እዚህ ላይ አለቀ። ወደ ኋላ ሳነበው ይህን ሁሉ ወረቀት የሚፈጅ ነገር አልነበረም። ሟቿም ተነሥታለች፤ ቦታዋን ብትስትም። ተዝካር አታስብ። ለጥምቀት ስትመጣ ብቻ በርጩማ ይዤ ፊት ለፊትህ እቀመጥልሃለሁ። ደኅና አድርገህ እየኝና እንደሚገባኝ ሣለኝ። በሁለት ዓይን ከሆነ እናቴ ትመርቅሃለች፤ በአንድም ከሆነ አልከስህም። ምን አለበት፣ አንዲት የእርሳስ ዓይን ናት።

የቃል መምህርህ፣ ጠመኔውንም የደበቀው፣
ምንይችል