ብሎኑን ማን አጠበቀው

ኅዳር 5/96፣ ቅዳሜ ከሰዓት

የፒክአፗ ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያው፣ ተቀየረ፣ ቴስታታው ተቀመጠ። ላንቺ ደብተሬ፣ የሞተር ክዳን ልበልሽ። አሁን አስሩን ብሎን ማጥበቅ ነው። ከመሃል ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ ሦስት ዙር። ጥብቀቱን በቁጥር የሚያሳየው ቁልፍ ከጂማ በስንት ልመና መጣ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጎረቤቴ ጋሽ አደሎ ዘው። ወፍጮ ቤት ስላለው መካኒክ ነኝ ባይ። የሴት ጉልበት አይበቃውም ብሎ ቁልፉን ከእጄ ቀማኝ። መልሼ ቀማሁት። ላቡ እጀታው ላይ ቀርቷል፣ በጨርቅ ጠረግኩት። ኤጭ! ሴት ብሎን ስትይዝ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መሐንዲስ ነው።

ለማንኛውም ጨረስኩ። ሐሙስ አባባ ጂማ የዓይን ኦፕራሲዮን አለው። ያለፈው ቀጠሮ በእልኩ አለፈ፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው፣ ሌላ በሚነዳው አውቶብስ አልሳፈርም ብሎ። እኔ ከነዳሁ ይሄዳል። ፒክአፗ የግድ መነሳት አለባት።

ኅዳር 7፣ ሰኞ 11 ሰዓት

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ግምገማ። ሰው ሰውን ሲያዋርድ ዋለ። እኔም እጄን አውጥቼ በአንዱ ላይ ተናገርኩ። ራሴን ጠላሁት።

ቤት ስደርስ ቁልፉ መሬት ላይ፣ እጀታው ላይ የውሃ ቱቦ ተሰክቶበት። ቱቦ! ጉልበት እንዲጨምር። የመሃሉ ብሎን ጭንቅላት የለውም፤ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል።

በቀጥታ ጋሽ አደሎ ደጅ። ሚስቱ ፊት፣ መንገደኛው ፊት ያልሰደብኩት ስድብ የለም። በመድኃኔዓለም አልነካሁም ይላል። ውሸታም፣ ምቀኛ አልኩት። አባባ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ምን ምሳ አለ! የአባባን እጅ ሳስታጥብ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት። መዳፉ ውኃ ቋጥሯል።

አባባ፣ አንተ ነህ? አልኩት። አመነ፦ በዳበሳ፣ ለጂማ መንገድ ይጠንክር ብሎ። እጁ የለመደው የጭነት መኪና ብሎን ነው፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው። የፒክአፗ ግን ትንሿን ጣቴን አያህልም። ደግሞ የሴት ልጅ እጅ ያጠበቀው አያስተማምነኝም አለ። ቱ! ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው!

ብሎኑስ ይሰበር፣ ብረት ነው። ትናንት ያን ሰው ስሰድብ ምላሱ የት ነበር? እኔስ? እንዴት ያለሁ ባለጌ ነኝ? አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ። እንጀራው ላይ እጄ አልሄደልኝም።

ስባሪውን ለሐሙስ የሚያወጣልኝ ቦንጋ ውስጥ የለም። በአውቶብስ ነው የምትሄደው አልኩት። እሺ አለ፣ አልተከራከረም።

ለኦፕራሲዮኑ በዋዜማው መግባት አለበት፤ የነገው አውቶብስ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። ቀደም ብዬ፣ እጁን ይዤ፣ ጋሽ አደሎ ደጅ አቆመዋለሁ። መጀመሪያ እኔ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ አባባ በገዛ አፉ ይናገር። ካልተናገረ እዚያው ደጁ ላይ ቆመን አውቶብሱ ሲሄድ እንሰማዋለን።