ለታደሰ ሞተር ማርሚታ ስመርጥ

ግንቦት 6፣ 2003። ቅዳሜ ጠዋት

ለማንም ያልነገርኩት፦ የባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና የታደሰን፣ ሞተር ሳይክል ድምፅ እወደው ነበር። ከዋናው መንገድ፣ ከጆርጂያ አቬኑ፣ ሲታጠፍ ይሰማኛል። ድስቱን አወርድና መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። በር ሲከፍት ግን ፊቴን አጠቁራለሁ።

ዛሬም እንደ ልማዴ ፓርኪንግ ወርጄ አቧራውን ልጠርግለት ሸራውን ገለጥኩ። ማርሚታው፣ የጭሱ መውጫ፣ ሥሩን ዝገት በልቶታል። ጣቴ ዘልቆ ገባ። ኮርቻው ላይ የሕንጻው ማኔጀር ወረቀት ለጥፏል፦ የማይሠራ ሞተር እዚህ አይቆምም፣ እስከ ጁን አጋማሽ፣ በእኛ ሰኔ መጀመሪያ፣ ካልተሠራ ተጎትቶ ይወሰዳል።

ለሰላም ደወልኩ። ልጄ ናት፣ እዚሁ ፈረንጅ አገር ጀርመንታውን የሚባል ከተማ የምትኖር። ይሸጥ አለች፣ በእንግሊዝኛ። አይሸጥም አልኩ፣ በአማርኛ። ድምፄን ታውቀዋለች። እሺ ማሚ፣ ማርሚታ እንፈልግለታለን አለች።

ግንቦት 10። ረቡዕ

ከሥራ በቀጥታ ላይብረሪ። ሥዕል የበዛበት የሞተር መጽሐፍ፣ ጎኑ መዝገበ ቃላት። ትምህርት ቤት ያልገባሁ ሴት፣ ፊደልን ከዳዊት፣ እንግሊዝኛን ከሰላም የልጅነት መጻሕፍት የለቀምኩ። ቀስ እላለሁ እንጂ እደርሳለሁ።

አንቺ ደብተር፣ ጉድ ስሚ። ማርሚታ ለካ የጭስ መውጫ ብቻ አይደለም! ከአንዱ ሲሊንደር፣ ከእሳቱ ጓዳ፣ የተቃጠለው አየር ተስፈንጥሮ ሲወጣ ኋላው ይሳሳል። ያ የሳሳው ስፍራ ቀጣዩን ይስበዋል። ወጪው ተከታዩን ይጎትታል። ለዚህ ብለው ከአራቱ ሲሊንደር አራት ቱቦ እኩል ለክተው፣ አጥፈው፣ ከሞተሩ ሥር አንድ ያደርጓቸዋል። እንዳይጋፉ፣ ተራ ጠብቀው እንዲደርሱ። አራት እሳት በአንድ አፍ። ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ቁጭ ብሎ ይህን አሰበ። የማይታይ ትንፋሽ በክንድ ለካ።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ዝምተኛ፣ ሆዱ በወንፊትና በጥጥ የተሞላ። አንዱ ሕግ የማይጥስ፣ ግን የሚሰማ። ዝምተኛውን አልኩ። ሰው ምን ይላል ብዬ። ዛሬም።

ሰላም በኮምፒዩተሯ አዘዘችልኝ። የስንት ሞዴል ነው? ሰባ አንድ አልኳት። ታደሰ ሁሌ እንዲያ ነበር የሚለው፦ አሥራ ሁለተኛ በጨረስኩ ዓመት የተሠራች ሞተር፣ ሰባ አንድ።

ግንቦት 20። ቅዳሜ፣ ከአሌክሳንድሪያ መልስ

ወርቁ ሞተሩን በፒክአፑ ጭኖ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ጋራዡ ወሰደው። የታደሰ የድሮ መካኒክ። አፉ አያርፍም። እኔና ሰላም በመኪናዋ ተከተልን።

አዲሱ ማርሚታ አልገጥምም አለ። ቡሎኑ ወዲህ፣ ቀዳዳው ወዲያ። ወርቁ ገለበጠው፣ አዞረው፣ የላኩትን ሰዎች ሰደበ። ከዚያ የሞተሩን አንገት በጨርቅ ጠረገና እዚያ የተመታውን የሥሪት ዓመት አነበበ። ወገቡን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ ጽጌ፣ ጃፓኖች በእኛ አቆጣጠር ሞተር እንደማይሠሩ ማን ይንገርዎት?»

በፈረንጅ ሰባ ዘጠኝ ነው ለካ! ታደሰ ዓመቱን ወደ እኛ መልሶ ነው ሰባ አንድ ሲል የኖረው። ሰላም ቆይቶ ገባት። ኦ ማይ ጋድ ዳዲ፣ አለች ራሷን ይዛ። ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ወርቁ እዚህ ድረስ መጥታችሁማ ባዶ አትመለሱም ብሎ፣ ባትሪና ቤንዚን ቀይሮ፣ ያለ ማርሚታ ላንድ አፍታ አስነሳው። ጋራዡ ተናጋ። ጆሮዬን ደፈንኩ፣ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ከአራቱ ቀዳዳ ሰማያዊ እሳት፣ ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም። መጽሐፉ ያለው በዓይኔ። አማተብኩ። ይህንን ኖሯል ታደሰ እንደ በቅሎ ተቀምጦበት ዳቦ ሊገዛ የሚሄደው።

ስንመለስ ሰላም፣ መንገዱን እያየች፦ ዳዲ ሞተሩን መንዳት የተወው በእኔ ምክንያት ነው አይደል አለች። ልጅ ሆኜ ሲያስነሳው አለቅስ ነበር። ሁሌ ይቆጨኛል፣ አለች።

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። የዊልሰን ድልድይን አለፍን። ቤት ደረስን። አላልኩም።

ግንቦት 21። እሑድ

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ልቤ እዚያ አልነበረም።

እውነቱ፦ የማኅበሩ ተራ እኛ ቤት የደረሰ ቀን። ጽዋው ተነስቶ፣ ቤቱ ሞልቶ። ታደሰ ዘግይቶ መጣ፣ ሞተሩ መስኮቱን እያርገበገበ። ሴቶቹ ተያዩ። አፈርኩ። ሲገባ ጠብቄ፣ በሁሉ ፊት፦ ሽበት አብቅሎ እንደ ወይፈን የሚያጓራ ባል ሰጠኝ፣ አልኩ። ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ሞተሩን ሸራ አለበሰው። ሕመሙ እስኪመጣ፣ ከመጣም በኋላ፣ አንዴም አልገለጠው። እኔም ግለጠው አላልኩትም። ሰላም ያኔ ውጭ ከልጆች ጋር ስትሮጥ ነበር። ምንም አልሰማችም። ይኸው የእኔን ዕዳ እሷ ተሸክማ አደገች።

ከሰዓት ወርቁ ደወለ። የሰባ ዘጠኙን ልዘዝ፣ ያንኑ ዝምተኛውን? አለኝ።

የሚሰማውን አልኩት።

ጎረቤት ሲያማዎት የወርቁ ሥራ ነው እንዳይሉ አለኝ። ይሙኝ አልኩ።

ሰኔ 4። ቅዳሜ ማታ

ገጠመ። ልክክ። ወርቁ ሞተሩን ወደ ሕንጻችን አምጥቶ አስነሳው።

መጀመሪያ ሳለ። ጭስ ተፋ። ቀጥሎ አራቱ ተግባቡና አንድ ወፍራም ድምፅ ሆነ፣ የማኅሌት ከበሮ ከሩቅ እንደሚሰማው። ደረቴ ውስጥ ገባ። ቱቦዎቹ አንድ የሚሆኑበት ጋ እጄን አቀረብኩ፣ ሳልነካ። ሙቀቱ፣ መንቀጥቀጡ። የሰው እጅ ሥራ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

ወርቁ ሠፈሩን ዞሮ መጣ። ሲታጠፍ ሰምቼ፣ ሳላየው፣ እግሬ ወደ ፓርኪንጉ በር ሄደ። ሰላም አየችኝ። ማሚ፣ ትወጂዋለሽ እንዴ! አለች። አዎ አልኳት። ያቺን ብቻ።

ማኔጀሩ አይቶ ወረቀቱን ራሱ ላጠው። ሞተሩ ይቆያል።

አሁን ወስኛለሁ። እነዚህን ገጾች የምትቀበለው ሰላም ታደሰ ናት፣ ልጄ። የአማርኛ ንባብ ይከብዳታል። ወርቁ ያንብብልሽ ልላት ነበር፣ ተውኩት። ነገ ከቅዳሴ መልስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ራሴ አነብላታለሁ፣ የማኅበሩን ቀን ሳልዘል።