ለጾም ብለህ የተውከው ኪኒን

ውዴ ጌታቸው፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሰው ለሟች የሚጽፈው በናፍቆት ነው፤ እኔ ግን ተናድጄብህ ነው የምጽፍልህ።

ቤት አልቀየርኩም፣ እዚያው ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ነኝ። ታናሽ ወንድምህ ግርማ ሳሎን ያድራል። ጃኬትህን ለብሶ፣ አንተ ትሠራበት በነበረው የመሀል ከተማ ፓርኪንግ ይሠራል። ባለፈው ወር ሲለካ የእሱም ደም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኪኒን ታዘዘለት።

ያኔ ሐኪሙ ሥጋና ቅባት ቀንስ፣ ጨው ተው፣ ኪኒኑን በየጠዋቱ ዋጥ ሲልህ፣ የሰማኸው ሥጋና ቅባቱን ብቻ ነው። ይሄማ የእኛ ጾም ነው ብለህ ደስ አለህ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትከው፤ በጠዋት በውሃ መዋጥ ጾም ያስገድፋል አልክ። አብሮህ የሚሠራው ጥቁር አሜሪካዊ፣ «ኮምጣጤ የደም ግፊት ያወርዳል» ሲልህ ግን፣ ከጾም ሰዓት በኋላ ፊትህን አጨማድደህ ትጠጣ ነበር። ከማዶ ካለው የአይሁዶች ሱቅ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ኪያር በጠርሙስ እያመጣህ ከሽሮው ጋር ትበላ ነበር። አትክልት ምን ይጎዳል ትለኝ ነበር። አይ ጌታቸው። ፋሲካ ሳይደርስ ግፊቱ ገደለህ።

ከቀብርህ በኋላ ቄሱን ጠየቅኋቸው። የታመመማ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ምነው ቀደም ብላችሁ ብትጠይቁኝ አሉ። ስልክ ቁጥራቸው ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ አንድ ቀን አልደወልክም።

ሰኞ ጾሙ ገባ፣ ግርማም ኪኒኑን ተወ። ብቆጣው ኮራ ብሎ፣ «ወንድሜ ጾሙን ሳይገድፍ ነው የሞተው» አለኝ። ኪኒኑንና ውሃውን ፊቱ አስቀምጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ካልዋጥክ አትወጣም አልኩት። ሥራ ረፈደበት፣ በመጨረሻ ዋጠ። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ።

ለካ በር ላይ መቆም ይቻል ኖሯል። ያን መሳቢያ ስንት ጊዜ ከፍቼ፣ ኪኒኑ እንዳልተነካ አይቼ መልሼ ዘጋሁት። «ባሏ ጾመኛ ነው» መባሉ ደስ ይለኝ ነበር። ከአንተ ይልቅ ያናደደችኝ ያቺ መሳቢያውን መልሳ የዘጋችው ሴት ናት።

አልረሳህም። በሚቀጥለው ወር ሙት ዓመትህ ነው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ጾሙን ሳይገድፍ አረፈ እያሉ ያነሱሃል። እስከ ዛሬ አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር። አሁን ግን ተነስቼ፣ መድኃኒቱን ትቶ ነው የሞተው፣ እኔም እያየሁ ዝም ብዬዋለሁ እላቸዋለሁ። ግርማም ይስማ።

ባለቤትህ አልማዝ