በአንቺ በር በኩል ያለችው መብራት

ዓለሜ፣

መኪናችን ዛሬ ጠዋትም አልተነሳችም። አንቺ ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገብቷል፤ ቆሰበር ከዝናብና ከጉም አልወጣችም። ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ እኔ ዘንድ መጥታለች። መውለጃዋ ለፍልሰታ ፍች ገደማ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርምሯት፣ ሕፃኑ አግድም ስለተኛ ቤት እንዳትወልድ አስጠንቅቆናል፤ ምጧ ሲመጣ ወዲያው ዳንግላ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት።

መኪናዋ ግን ማታ ደህና ገብታ፣ ጠዋት ባትሪዋ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ድሮ ቁልቁለቱ ላይ እያቆምን በግፊያ እናስነሳት ነበር። ይቺ መኪና ቁልቁለት ካላየች ባሏንም አታውቅም እያልሽ ጎረቤቱን ሁሉ ታስቂብኝ ነበር። አሁን ባትሪው ፈጽሞ ስለሚሞት ግፊያም አያስነሳትም።

ባለፈው ሳምንት ሞተሩን አጥፍቼ የባትሪውን ገመድ ከአንዱ ጫፍ ፈታሁና በመካከሉ ትንሽ አምፖል አስገባሁ። መኪናዋ ላይ ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። አንድ ነገር ኤሌክትሪኩን እየጠጣው ነበር ማለት ነው። የጡሩምባውን ሽቦ ፈታሁ፤ የፊት መብራቱን፣ የኋላውንም ፈታሁ። አምፖሉ አልጠፋም። የቀረችው፣ ስትወርጂ ጭቃው እንዲታይሽ ብዬ በአንቺ በር በኩል የገጠምኳት ትንሽ መብራት ነበረች። የእሷን ሽቦ ስፈታ አምፖሉ ጠፋ። ሽቦው ከወንበርሽ ሥር ተፍቆ ከረጠበው ብረት ጋር ሲነካካ ኖሯል። አገኘሁት ብዬ ጮህኩ፤ ልጃችን ደንግጣ ወጣች።

በነጋታው ግን መኪናዋ አልተነሳችም። ባትሪውን ወፍጮ ቤት አስሞልቼ፣ ከመኪናዋ አውጥቼ ለብቻው አሳደርኩት። ሲነጋ ባዶ ነበር። ያገኘሁት ትንሹን ችግር ነው፤ ትልቁ ከራሱ ከባትሪው ውስጥ ነው፣ ለዚያ የሚፈታ ሽቦ የለም።

ልጃችንን ቀድማ ዳንግላ ሄዳ እንድትጠብቅ ለመንኳት። አባዬ፣ እናቴ የወለደችኝ እዚህ ነው፤ መኪናህ እምቢ ካለች አንተ ትሸከመኛለህ አለችኝ። አፏ ያንቺ ነው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

የመብራትሽን ሽቦ በጎማ ጠቅልዬ መልሼ አስሬዋለሁ። ባትሪ ቢገኝም ባይገኝም፣ እኔ እስካለሁ ከቦታዋ አትነቀልም።

የዳንግላው ነጋዴ ባትሪ ከባሕር ዳር መምጣት አለመምጣቱን ቅዳሜ ይነግረኛል። ባለፈውም ቅዳሜ ብሎኝ ነበር። ካልመጣ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልጃችንን እያለቀሰችም ቢሆን በጭነት መኪና ልስደዳት ወይስ እዚሁ ልጠብቅ፣ ገና አልወሰንኩም።