በሻሽ ስለታሰረው ማግኔት

ለተከበሩ አቶ አያሌው
የብስኩት ፋብሪካው የሠራተኞች ደኅንነት ኃላፊ
ካርቱም፣ ጥቅምት 2000 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ እንደማይቋረጥ ስለማውቅ ብዙም አልሰጋሁም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ አሥሩንም ጣቶችዎን ይጠብቅልን።

እኔ ረሺዳ ነኝ፣ ካርቶን ለሚደረድረው ሮቦት ካርቶን የማቀርበው የወሎ ልጅ። ደብዳቤዬን ሐበሻ በሚመገብበት ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑብኝ ነውና ለድፍረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ፣ ሮቦቱ የታጠረበት የሽቦ አጥር በሩ ሲከፈት ሮቦቱ ራሱ እንደሚቆም ስላስተማሩን እናመሰግናለን። በረመዳን የወደቀ ካርቶን ልናነሳ በገባን ቁጥር ሥራው እየቆመ ሲያስቸግርዎት ደግሞ፣ በሩ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ በማግኔት በሩ የተዘጋ አስመስሎ ማታለል እንደሚቻል አስተምረውናል። ትምህርቱ ቶሎ የገባኝ እኔ ነበርኩ። ማግኔቱን ከራሴ ሻሽ በቀደድኩት ጨርቅ አሰርኩት። ጎበዝ አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሁለተኛ፣ ሮቦት ቆመ ማለት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ፣ ካርቶን እየጠበቀም ሊቆም እንደሚችል የሚገልጽ ትልቅ ወረቀት በእንግሊዝኛ ለጥፈውልናል። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚያነብ ባይኖርም፣ እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ በሰው አስነብቤ ቢሆንም፣ ግድግዳው አምሮበታል።

ሦስተኛ፣ እርስዎ ቀደም ብለው ወደ ቤትዎ ስለሄዱ ያላዩትን ልንገርዎት። እኛ ዘንድ ጾም የምንፈታበት መግሪብ ሲደርስ ሁሉም ሳይሰበሰብ ቴምር የሚያነሳ የለም፤ ስለዚህ ሁላችንም እንጣደፋለን። ካርቶኑ አልቆ ሮቦቱ ሲቆም፣ አብራን የምትሠራው ሙኒያ እሱም እንደ እኛ ሥራ የጨረሰ መስሏት የወደቀውን ልታነሳ በሩን ከፍታ ገባች። እኔ ጋ ግን አንድ ካርቶን ቀርቶ ነበር። ለነገ አላሳድረውም ብዬ፣ ዞሬ እንኳ ሳላይ፣ ወደ ሮቦቱ በሚወስደው ቀበቶ ላይ ገፋሁት። ሮቦቱም ሲጠብቅ የቆየውን ካርቶን ሊያነሳ ክንዱን ሲያዞር የሙኒያን ቀኝ እጅ ከብረቱ ጋር ጨፈለቀው። ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም። እኔ ያሰርኩት ማግኔት ባይኖር፣ በሩ ተከፍቶ ሳለ ሮቦቱ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።

አራተኛ፣ ሙኒያ ያለ ፈቃድ ገብታ በራሷ ግድየለሽነት እንደተጎዳች ለሠራተኛው ሁሉ በመንገርዎ እኔን ከጉድ አውጥተውኛል። ይህን ሲናገሩ አጠገብዎ ቆሜ ዝም አልኩ። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ፣ ሥራችንን ስላስተጓጎለችም ይቅር እንድንላት ነገረችኝ። እርስዎን አምናዎታለች። እኔ ደግሞ የወሰድኩላትን ብርቱካን አስቀምጬ፣ ፊቷን ሳላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንጀራ ስቆርስ በእጄ አፍራለሁ።

አሁን በእርሷ ቦታ ኤደን የምትባል ልጅ ገብታለች፤ እጆቿ ገና ሁለት ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎና የእኔ እንጂ የሙኒያ እንዳልሆነ፣ እርሷ በተገኘችበት ለሠራተኛው እንዲናገሩ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የእኔን ድርሻ እነሆ ተናግሬያለሁ።

የታዘዝኩትን ሳልጠይቅ በመፈጸም ወደር ያልተገኘልኝ፣
የእርስዎው ጎበዝ፣
ረሺዳ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ሮቦቱ እየደጋገመ የቆመብዎት ተበላሽቶ አይደለም። ማግኔቱን ፈትቼ ስለወሰድኩት፣ ኤደን በሩን በከፈተች ቁጥር ይቆማል። ማግኔቱን ለሙኒያ ሰጥቻታለሁ። ከፈለጉት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ቤቷ ድረስ ሄደው ከቀረላት እጅ ይቀበሉ።