በደንብ የተተወነ መርዶ

ስሙን ከአክብሮት የተነሣ ለማልጠቅሰው ሆስፒታል ክቡር ሜዲካል ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ፈጣሪ ጤናዎን እንዲጠብቅልዎና ከሆስፒታልዎ አልጋ እንዲያርቅዎ እመኛለሁ።

እኔ የቡታጅራ ነዋሪ የሆንኩ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሐኪሞችዎ የታማሚን ስሜት እንዲጋሩ በቴአትር ባሠለጠናችኋቸው ጊዜ፣ የትምህርት ቤታችንን የድራማ ክበብ ስለምመራ ተጋብዤ ሚስቱ የሞተችበትን ባል ተጫውቻለሁ። ዶክተር አምሀ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ ትከሻዬን ያዙ፣ መርዶውን ነገሩኝና ዝም አሉ። እኔም በተሰጠኝ የትወና ጽሑፍ መሠረት «የሚቻለውን አድርገዋል፤ አመሰግናለሁ» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እርስዎም ዓይንዎን ጠረጉ።

ክረምቱ ሳይወጣ ባለቤቴ መሰለች ጉበቷን ታምማ እናንተው ዘንድ ተኛች። ስለዚህ ሥልጠናው ላፈራው ፍሬ የሚከተለውን ምስጋና ሳቀርብ በታላቅ ትሕትና ነው።

፩. መሰለች ስትናገር ዶክተር አምሀ አላቋረጧትም። በየቃሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይገባኛል» ስላሏት፣ «ዶክተርዬ፣ አንገትህን አሞህ ነው እንዴ?» ብላ ቀለደች። እሳቸው አልሳቁም፤ ሥልጠናው ውስጥ ሳቅ አልነበረም። የመጨረሻ ቀልዷ ስለነበረ ግን ባለውለታችን ናቸው።

፪. መሰለች የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የማልድን ከሆነ ንገረኝና እንሴኖ እናቴ ቤት ልግባ።» ጎረቤታችን ጀማሉ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። ዶክተሩ እጇን ይዘው «ስሜትዎን እረዳለሁ፤ ከጎንዎ ነን» አሏት። በማግስቱ ደግማ ጠየቀች፤ ደግመው ስሜቷን ተረዱላት። እናቷ እንሴኖ አልጋ አንጥፈው ጠበቁ። ጀማሉ ሚኒባሱን ባዶውን መለሰ።

፫. የሞተች ዕለት ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ ወጡ፣ ወንበር ሳቡ፣ ትከሻዬን ያዙ፣ ነገሩኝና ዝም አሉ። አንዲት ቃል አልሳቱም። እኔም አልሳትኩም። አፌ ሳላዘው «የሚቻለውን አድርገዋል፤ አመሰግናለሁ» አለ። እሳቸው እፎይ ብለው ተነሡ። በእኛ አገር መርዶ የሰማ ሰው ይጮሃል፤ እኔ ግን ጭብጨባውን ስጠብቅ ተቀምጬ ቀረሁ። እህቷ መጥታ «ዶክተሩ ምን አሉህ?» ብላ ፊቴን አየች። ጩኸቱን የጀመረችው እሷ ናት።

ክቡር ሆይ፣ ሐኪሞችዎ አብረውን ያልቅሱ ብዬ አላስቸግርዎትም። ታማሚ «ቤቴ ልግባ ወይ?» ሲል፣ ግባ ወይም ቆይ የሚለው ሰው ይኑር። ኮሪደሩ ላይ ያቀረብኩት ምስጋና የጽሑፉ እንጂ የእኔ ስላልነበረ፣ በዚህ ደብዳቤ መልሼ ወስጄዋለሁ።

ለሆስፒታልዎ የትወና ችሎታ ያለኝ አድናቆት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ በመጨረሻውም ቀን እውነቱን የሚነግርዎ ሐኪም እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ደረጄ፣ የመሰለች ባል
ቡታጅራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቀጣዩ ሥልጠና የላኩልኝ ግብዣ ደርሶኛል፤ አልመጣም። ሟች ሆኖ የሚጫወት ሰው ከቸገራችሁ ወደ ሴቶቹ መኝታ ክፍል ጎራ በሉ፤ ያለ ልምምድ የሚችሉበት ሞልተዋል።